የተሰበረው የንጉሥ ሰይፍ



የትምህርት ቤታችንን የልደት በዓል በምናከብርበት በዛሬው ቀን፣ ከቀደሙት ሰዎች ስለሚወረስ ነገር ጥቂት እንድንናገር ፍቀዱልን። ምሳሌ የምናደርገው ናርሲል የተባለውን ሰይፍ ነው። ታሪኩም የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው እንግሊዛዊው ጄ. አር. አር. ቶልኪን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1954 እና በ1955 ባሳተመው «የቀለበቶቹ ጌታ» በተባለው ልብ ወለድ ውስጥ ይገኛል።

ንጉሥ ኤሌንዲል ከክፉው ከሳውሮን ጋር ሲዋጋ ወደቀ፤ ሰይፉም አብሮት ተሰበረ። ልጁ ኢሲልዱር በስባሪው የሳውሮንን ጣት ቆርጦ፣ የክፋት ኃይል ያለበትን ቀለበት ወሰደ። ነገር ግን በእሳት እንዲያጠፋው ቢመከር እምቢ ብሎ ለራሱ አስቀረው። በኋላም ቀለበቱ ከጣቱ ሾልኮ ከዳው፤ እርሱም በጠላት ቀስት ሞተ። የጀግና ሰይፍ የያዘ ሁሉ ልቡን መግዛት እንደማይችል ከዚህ እንረዳለን።

ስባሪው 3000 ዓመት ያህል ተጠብቆ፣ ሪቨንዴል በተባለ ስፍራ የዘሩ ወራሽ ለሆነው ለአራጎርን በ20 ዓመቱ ተሰጠው። እርሱ ግን በዘሩ አልተመካም። ለብዙ ዓመታት በዱር በገደል እየተንከራተተ፣ ማንነቱን ለማያውቁ፣ እንዲያውም በጥርጣሬ ለሚያዩት ሰዎች ዘብ ቆመ። የጦርነቱ ጊዜ በደረሰ ጊዜ ባለ እጆች ሰይፉን እንደገና ሠሩት፤ ስሙም አንዱሪል ተባለ፤ ትርጓሜውም «የምዕራብ ነበልባል» ማለት ነው።

ሆኖም የጎንዶር ከተማ ሰዎች ንጉሣቸውን ያወቁት በሰይፉ አልነበረም። ከታላቁ ውጊያ በኋላ ካባ ተከናንቦ በስውር ገባና፣ ሌሎች በናቁት ተራ ቅጠል ቁስለኞችን ፈወሰ። እውነተኛ ንጉሥ በፈዋሽነቱ ይታወቃል የሚል የቆየ ነገር በአገሩ ይነገር ነበርና፣ ወሬው በዚያችው ሌሊት ከተማውን ሞላው።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እኛም ከዚህ ግቢ ስንወጣ የምስክር ወረቀት ይዘን እንወጣለን። በሰገባው ሰቅለነው የምንኩራራበት ከሆነ ከስባሪ ብረት አይሻልም። ወላጆቻችን ከጉሮሯቸው ቀንሰው ያስተማሩን፣ መምህሮቻችንም የደከሙልን፣ ለታመመው፣ ላልተማረውና ለተቸገረው እንድንደርስ ነው። ሕዝባችን በዚህ ይወቀን።