የምረቃችን ዲስክ ለምን አልታይ አለ?

አዘጋጆቹ «ስለ ኮምፒውተር አንድ ነገር በለን» ሲሉኝ ስለ አዲስ ቴክኖሎጂ የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን ይዤ የመጣሁት የድሮ ጥፋቴን ነው።

በ2004 ዓ.ም. ስንመረቅ የክፍላችንን የምረቃ ቪዲዮ የማባዛት ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። ኮምፒውተር የተማርኩ ስለሆንኩ ማንም አልተጠራጠረኝም፤ እኔም ራሴን አልተጠራጠርኩም። ዋናውን ዲቪዲ ወደ ኮምፒውተር ስገለብጠው አንድ ትልቅ የአይኤስኦ ፋይል ሆነ። ያንን ፋይል እንዳለ በየባዶው ዲስክ ላይ እየጫንኩ ለልጆቹ አደልኩ። ኮምፒውተሩ «ተጠናቋል» ሲለኝ አመንኩት። በዴክ ግን አንዱንም አልሞከርኩም።

ከጓደኞቻችን አንዱ ዲስኩን ይዞ ወደ ሉማሜ ሄደ። እናቱ እግራቸውን ታመው ለምረቃው ደብረ ማርቆስ ድረስ መምጣት አልቻሉም ነበር። ጎረቤት ተጠርቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዲስኩ ዴክ ውስጥ ገባ። ዴኩ ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። አወጡት፣ በነጠላ ጠርገው መለሱት፤ ያው ነው። «ይሁን ልጄ፣ ሌላ ጊዜ እናየዋለን» አሉ እናቱ። ያ ሌላ ጊዜ አልመጣም። ጓደኛዬ ይህን የነገረኝ እሳቸው ካረፉ በኋላ ነው። «ዲስኩ እኮ ባዶ ነበር» አለኝ። ባዶ አልነበረም። ቪዲዮው ሙሉውን እዚያው ውስጥ ነበር።

ነገሩን በአገልግል ላስረዳችሁ። አይኤስኦ፣ ዲስክ ኢሜጅ የሚባለው ማለት ነው፣ የአንድን ዲስክ ይዘት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንደ አቀማመጡ የያዘ አንድ ነጠላ ፋይል ነው። ምግቡ በውስጡ ተስተካክሎ፣ ተከድኖ፣ በጠፍር የታሰረ አገልግል በሉት። ዴክ ደግሞ እጁን ታጥቦ የተቀመጠ እንግዳ ነው፤ የቀረበለትን ይበላል እንጂ ጠፍር አይፈታም። እኔ አገልግሉን ሳልፈታ መሶቡ ላይ አስቀመጥኩት። ማድረግ የነበረብኝ «ኢሜጁን በርን አድርግ» የሚለውን ትእዛዝ መምረጥ ነበር። ያኔ ፕሮግራሙ ራሱ ይፈታውና በውስጡ ያለውን እንደነበረ ዲስኩ ላይ ያሰፍረዋል። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ፋይሉን በቀኝ ክሊክ ስትነኩት ይኸው ምርጫ ይመጣላችኋል።

ሁለተኛው ዓይነት «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚባለው ፎልደር ነው። ይህ ምግቡ ከአገልግሉ ወጥቶ በየሳህኑ የተቀመጠበት ነው። ስትከፍቱት ሦስት ዓይነት ፋይሎች ታያላችሁ። ቪኦቢ የሚባሉት ምስሉንና ድምፁን ይይዛሉ፤ አንዱ ከ1 ጊጋባይት አይበልጥም። አይኤፍኦ የሚባሉት ማውጫውንና የምዕራፎቹን ቦታ ለዴኩ ይነግራሉ። ቢዩፒ ደግሞ የአይኤፍኦ መጠባበቂያ ቅጂ ነው። ስለዚህ «ትናንሾቹ ምን ያደርጋሉ» ብላችሁ እንዳታጠፏቸው። የፎልደሩን ስምም አትቀይሩ፤ «ምረቃ» በሚል ሌላ ፎልደር ውስጥም አትክተቱት። ዴኩ የሚፈልገው በዚያው ስም፣ ዲስኩ እንደተከፈተ ፊት ለፊት እንዲያገኘው ነው። ለዚህ ሥራ እንደ ኢምግበርን ያለ ፕሮግራም ተጠቀሙ፤ ፎልደሩን ስትሰጡት የዲቪዲ ቪዲዮ አድርጎ በሥርዓት ይደረድረዋል።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል? ለማስቀመጥ ከሆነ እኔ አይኤስኦውን እመርጣለሁ፤ አንድ ፋይል ስለሆነ ክፍሉ ተቆርጦ አይቀርም። ግን አብዛኛው ፍላሽ የሚመጣበት ፋት 32 የሚባለው አሠራር 4 ጊጋባይት የሚሞላ ፋይል አይቀበልም። «ፍላሼ ቦታ እያለው እንቢ አለኝ» የምትሉት ለዚህ ነው። ፎልደሩ ግን ፋይሎቹ ትናንሽ ስለሆኑ ይገባል። ሌላም አለ፤ 4.7 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠላችሁ ዲስክ ኮምፒውተር ላይ 4.37 ገደማ ቢላችሁ ነጋዴው አላታለላችሁም። ፋብሪካው በ1,000፣ ኮምፒውተሩ በ1,024 ስለሚቆጥሩ ነው።

በርን ስታደርጉ ባትሪው በሚሠራ ላፕቶፕ አድርጉት፤ መብራት መሀል ላይ ከጠፋ ዲስኩ ተበላሸ ማለት ነው። ሲያልቅ ዲስኩን ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። የምታዩት አንድ ትልቅ የአይኤስኦ ፋይል ብቻ ከሆነ የእኔን ስህተት ደግማችኋል። «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚለውን ፎልደር ካያችሁ ልክ ነው። ከዚያም በዴክ ሞክሩት፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ያንን አምስት ደቂቃ ነው የነፈግኩት።

ዛሬ ብዙ ላፕቶፕ የዲስክ ማስገቢያ እንኳን የለውም። ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ አይኤስኦውንም ፎልደሩንም ያለ ዲስክ ይከፍታል። የቆዩት ዲስኮቻችን ግን በየቁም ሳጥኑ እየተጫሩና እያረጁ ነው። አንድ ቀን ጨርሶ አይነበቡም፤ ያኔ ማንም ባለሙያ አይመልሳቸውም።

ያ የ2004 ፋይል እኔ ዘንድ አለ። ባለፈው ዓመት በትክክል በርን አድርጌ፣ በዴክ ሞክሬ፣ ለጓደኛዬ ወሰድኩለት። አብረን አየነው። ስሙ ሲጠራ ከአዳራሹ እልልታ ይሰማል። «ይህን እሷ ብትሰማው ኖሮ ከዚህ ይበልጥ ነበር የምታቀልጠው» አለ። ሌላ አላለም።

ነገ ጠዋት ኮምፒውተርና ዴክ ይዤ እዚሁ እገኛለሁ። የምረቃም የሰርግም ዲስክ ያላችሁ አምጡ፤ ገልብጬ እሰጣችኋለሁ፣ እያያችሁም ትማራላችሁ። ሰልፉ ከረዘመ ግን አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ ወላጆቻቸው በሕይወት ላሉ ቅድሚያ ይሰጥልኝ።