ሰባት ጨዋታ በአራተኛው ዲቪዚዮን፦ የሌትሪም ካውንቲ ደጋፊነትና የጌሊክ እግር ኳስ ሊግ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ገለጻ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



 የዛሬው ርእስ በሰሌዳው ላይ ከተለጠፈ ወዲህ ብዙ ሰው «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት እግር ኳስ ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። አንድ ባልደረባዬማ «ማንም የማያውቀው ጨዋታ፣ ማንም የማያውቀው ቡድን» ሲል ቀልዶብኛል። ቀልዱ ከእውነት እምብዛም አልራቀም። የምናገረው በምዕራብ አየርላንድ ስለሚገኝ፣ ሕዝቡ ከ35 ሺህ ጥቂት ከፍ ስለሚል፣ ሌትሪም ስለሚባል ካውንቲ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ጨዋታው በአጭሩ እንዲህ ነው። በየወገኑ 15 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳሱ በእግርም በእጅም ይነካል። ኳስ የያዘ ተጫዋች ከ4 እርምጃ በላይ ይዞ መሮጥ አይፈቀድለትም፤ ወይ መሬት ያነጥራታል፣ ወይ ከእግሩ ጣት ወደ እጁ መልሶ ይቀልባታል፣ አለዚያም በእግሩ ወይም በቡጢው ለጓደኛው ያቀብላል። ኳሷ ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ከገባች ግብ ትባላለች፤ 3 ነጥብ ታስገኛለች። ከአግዳሚው በላይ በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ካለፈች 1 ነጥብ ናት። ነጭ ካፖርት የለበሱ የግብ ዳኞች ለግብ አረንጓዴ፣ ለነጥብ ነጭ ባንዲራ ያውለበልባሉ። ከ2025 ወዲህ ደግሞ በ40 ሜትር ርቀት ከተሰመረው ቅስት ውጭ ተመትታ በአግዳሚው ላይ የምታልፍ ኳስ 2 ነጥብ ሆናለች፤ የብርቱካን ቀለም ያለው ባንዲራም ተጨምሮላታል። ውጤት የሚጻፈው ግብና ነጥብ ተለይቶ ነው። «0-12 ለ 2-4» ሲባል አንደኛው ቡድን አንድም ግብ ሳያገባ በ12 ነጥብ አሸነፈ፣ ሌላው 2 ግብ አግብቶ በድምሩ 10 ነጥብ ብቻ አገኘ ማለት ነው። ይህን ምሳሌ በዘፈቀደ አልመረጥኩትም፤ እመለስበታለሁ።

ጨዋታውን የሚያስተዳድረው የጌሊክ አትሌቲክ ማኅበር በኖቬምበር 1 ቀን 1884 ተርለስ በተባለች ከተማ በአንድ ሆቴል ውስጥ ተመሠረተ። ማይክል ኪውሳክና ጓደኞቹ የተነሡት የአገሩን ጨዋታ ከእንግሊዝ ጨዋታ ለመታደግ ነበር። ማኅበሩ እስከ 1971 ድረስ አባላቱ ራግቢን፣ ክሪኬትንና እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ እንዳይጫወቱ ይከለክል ነበር። የክለቡ መሠረት አጥቢያ ነው፤ ቃሉን በቀጥታ ትርጉሙ ነው የምጠቀምበት፤ ሰው በተወለደበት አጥቢያ ክለብ ይጫወታል፣ ከየክለቡ የተመረጡት ደግሞ ካውንቲውን ይወክላሉ። እዚህ ላይ የታሪክ ተማሪን የሚያስደንቅ ነገር አለ። የካውንቲዎቹን ወሰን ያሰመረው ራሱ የእንግሊዝ አስተዳደር ነው፤ ሌትሪም ካውንቲ የሆነው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ማኅበሩ የገዢውን ጨዋታ ከልክሎ የገዢውን ካርታ ግን እንዳለ ተቀበለ። ዛሬ ያንን መስመር ከአየርላንዳዊ ልብ ለመፋቅ የሚነሣ ፖለቲከኛ ካለ ጠንቃቃ እንዲሆን እመክረዋለሁ።

ብሔራዊው የእግር ኳስ ሊግ በ1925-26 ተጀመረ። ዛሬ 32 ቡድኖች በ4 ዲቪዚዮን፣ በእያንዳንዱ 8 ሆነው ይጫወታሉ። ከ32ቱ ካውንቲዎች ኪልኬኒ ለሀርሊንግ ጨዋታ ያደረ ስለሆነ አይሳተፍም፤ ቁጥሩን የሚሞላው የለንደን ስደተኞች ቡድን ነው። እያንዳንዱ ቡድን 7 ጨዋታ አለው፤ 2 ይወጣሉ፣ 2 ይወርዳሉ። ጊዜው ከጃንዋሪ ማብቂያ እስከ ማርች ነው። እኛ ጥር፣ የካቲትና መጋቢት ስንል ፀሐይ ነው የሚታየን፤ እዚያ ግን ዝናቡም ብርዱም ጭቃውም በአንድነት የሚመጡበት ወቅት ነው። ትልቁ ዋንጫ፣ ማለትም የሳም ማግዋየር ዋንጫ፣ የሚገኘው በበጋው ሻምፒዮና ስለሆነ ብዙ ሰው ሊጉን እንደ ማሟሟቂያ ይቆጥረዋል። የትልልቆቹ ካውንቲዎች ደጋፊዎች በእርግጥ እንዲያ ያዩታል። ለትንሹ ካውንቲ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሌትሪም በኮናክት ሻምፒዮና የሚገጥመው ጎልዌይን፣ ሜዮንና ሮስኮመንን ነው፤ ለብዙ ዘመን በጋው በአንድ ጨዋታ ያልቅበት ነበር። ሊጉ ግን 7 ጊዜ ሜዳ ይሰጠዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን ከእኩዮቹ ጋር። በዋንጫ ቋንቋ ብንናገር ሌትሪም ምንም የለውም ማለት ይቻላል፤ በሊጉ ቋንቋ ግን በየዓመቱ ተስፋ አለው።

ከመካከላችሁ የአርሰናል ደጋፊዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ከእናንተ ጋር ቅዳሜ ማታ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ተጋፍቼ ጨዋታ አይቻለሁና። እኛ ቡድናችንን መርጠናል። አንዱ ወንድሙን ተከትሎ፣ ሌላው በአንድ ተጫዋች ፍቅር፣ ሌላው ሰፈሩን ሁሉ ለማናደድ። ቡድናችንም ተጫዋቹን መርጦ በገንዘብ ይገዛል። በጌሊክ እግር ኳስ ይህ የለም። ተጫዋቹ ደመወዝ አይከፈለውም፤ ሰኞ ጠዋት መምህር፣ ፖሊስ ወይም ተማሪ ነው። አሠልጣኙ ጥሩ አጥቂ ቢያጣ ገበያ ወጥቶ አይገዛም፤ ባለው ልጅ ይጫወታል። ስለዚህ የደጋፊው ጭንቀት ከውጤት በፊት የሚጀምር ነው፤ ልጁ ሥራ አገኘ ወይ? የት አገኘ? ይመጣል ወይስ ይሄዳል?

ይህን የተማርኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ለሦስተኛ ዲግሪ ጥናት በደብሊን ስኖር ያከራዩኝ ሰው የሌትሪም ተወላጅ ነበሩ። እዚያ አገር ታላቅን በስሙ መጥራት ነውር አይደለም፤ እኔም እንደ ደንቡ በስማቸው እየጠራኋቸው በልቤ ግን «ጋሼ» እላቸው ነበር። ደብሊን ከ40 ዓመት በላይ ኖረዋል፤ ልጆቻቸው የደብሊን ማልያ ለብሰው አድገዋል፤ እርሳቸው ግን በየካቲት ብርድ ወደ ካሪክ ኦን ሻነን፣ በ1916 በተረሸነው የካውንቲው ተወላጅ በሾን ማክ ዲርማዳ ስም ወደሚጠራው ሜዳ፣ ከ150 ኪሎ ሜትር ያላነሰ መንገድ ይነዱ ነበር። በመኪናው ውስጥ ሕግ ነበረ። ማርች ሳይገባ ከዲቪዚዮኑ ስለ መውጣት አይነገርም። ሻይ በቴርሞስ፣ ዳቦ በወረቀት ተጠቅልሎ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ ከጨዋታ በፊት አይፈታም። አንድ ጊዜ ረስቼ ዳቦውን ፈታሁት፤ ያን ቀን ተሸነፍን። ነገሩን አላነሡብኝም፤ በሚቀጥለው ጉዞ ግን ዳቦው ከፊት ወንበር ሥር ነበር።

አሁን ወደ ምሳሌዬ ልመለስ። በ1994 ሌትሪም ሜዮን 0-12 ለ 2-4 አሸንፎ የኮናክት ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ በፊት ያገኘው ብቸኛው ዋንጫ የ1927ቱ ነበር። የቡድኑ አምበል ዴክላን ዳርሲ ዋንጫውን ከፍ ሲያደርግ የ1927ቱ አምበል ቶም ጋነን ከጎኑ ነበሩ፤ የሁለቱ ምስል በካውንቲው የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ በግማሽ ፍጻሜው በደብሊን ተሸነፉ። ይህ ታሪክ ስለ ሌትሪም በተነሣ ቁጥር ይነገራል፤ እኔም ይኸው ነገርኳችሁ። አከራዬ ግን እምብዛም አያነሡትም ነበር። «በ1994 ሁሉም ሰው የሌትሪም ሰው ነበር» ይሉና ያልፉታል።

እርሳቸው የሚያነሡት 2019ን ነው። በዚያ ዓመት ሌትሪም ከአራተኛው ዲቪዚዮን ወጣ፤ በማርች ማብቂያም በክሮክ ፓርክ ለዲቪዚዮኑ ፍጻሜ ከዴሪ ጋር ተጫወተ። ከ82 ሺህ በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው፤ በአራተኛ ዲቪዚዮን ፍጻሜ ደግሞ አብዛኛው ወንበር ባዶ ነው። ነገር ግን አረንጓዴና ወርቃማ ቀለም የለበሰው ሕዝብ በአንድ ወገን ተሰብስቦ ሳየው መንደሮቹ ባዶ የቀሩ መሰለኝ። ዴሪ አሸነፈ። አከራዬ ሰው ሁሉ እስኪወጣ አልተነሡም፤ ያን ቀን መንገዱ በእግር ነበርና የሚቸኩሉበትም አልነበረም።

የዚያ ቀን ሁለቱ ቡድኖች በኋላ የሄዱበት መንገድ የሊጉን ባሕርይ ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይልቅ ያሳያል። ዴሪ ሽቅብ ወጣ፤ በ2022 እና በ2023 የአልስተር ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2024ም ደብሊንን በቅጣት ምት ረትቶ የአንደኛ ዲቪዚዮንን ዋንጫ ወሰደ። ሌትሪም ደግሞ በዚያው በ2024 ዳግመኛ ከአራተኛው ዲቪዚዮን ወጣ፤ በመካከሉ ወርዶ ነበርና። ዴሪ በ1993 የመላ አየርላንድ ዋንጫ ያነሣ ካውንቲ ነው፤ ወደ ታች የወረደው በእንግድነት ነበር። ሌትሪም ግን እዚያ ቤተኛ ነው።

ስደት የሚለውን ቃል እስካሁን ሸሽቼዋለሁ፤ ከእንግዲህ አልችልም። ከታላቁ ረኃብ በፊት በ1841 የሌትሪም ሕዝብ 155 ሺህ ገደማ ነበር። በ1996 ቆጠራ 25 ሺህ ገደማ ሆኗል። በ2023 ሌትሪም ለሻምፒዮናው ኒው ዮርክ ሄዶ ብሮንክስ ውስጥ ከስደተኞቹ ቡድን ጋር ተጫወተ፤ በቅጣት ምት ተሸነፈ። ኒው ዮርክ በኮናክት ሻምፒዮና ሲያሸንፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። አገሩን የለቀቀው አገሩን ያሸነፈበት ቀን ነው ብል የተጋነነ አይመስለኝም። በውጭ የሚኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ሁሉ ስሜቱን ለመረዳት ማብራሪያ አትሹም።

ከዚያ 2025 መጣ። ሌትሪም በሦስተኛው ዲቪዚዮን ሁለተኛ ጨዋታው ፈርማናን መግጠም ነበረበት። ጉዳቱ በዝቶ፣ ሌላውም በልዩ ልዩ ምክንያት ጎድሎ፣ የሚያሰልፈው ተጫዋች ስላነሰው ጨዋታውን ሳይጫወት ለቀቀ። በሊጉ መጨረሻም ወረደ።

በአየርላንድ ትንንሽ ካውንቲዎችን ማዋሐድ፣ ትልልቁንም መክፈል ይገባል የሚል ክርክር ቆይቷል። ደብሊን ከ1.4 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አለው፤ ከ2015 እስከ 2020 ስድስት ዋንጫ በተከታታይ ወስዷል። በ2002 የማኅበሩ የስትራቴጂ ኮሚቴ ደብሊን ለሁለት ይከፈል ብሎ ነበር፤ አልተፈጸመም። እኔ ሁልጊዜ ውሕደቱን ተቃውሜያለሁ። ውድድር እኩል ይሁን ማለት ትክክል ነው፤ ነገር ግን ደጋፊው ወደ ሜዳ የሚሄደው ያ አጥቢያ አሁንም 15 ልጅ እንዳለው በዓይኑ ለማየት ጭምር ነው። ሁለት ካውንቲ ሲዋሐድ ቡድኑ ይጠነክራል፤ የሚታየው ነገር ግን ይጠፋል። ይህን አቋሜን በጽሑፍም ገልጫለሁ። ሆኖም የዚያን ቀን ዜናውን አዲስ አበባ ላይ በስልኬ ሳነብ፣ የምሟገትለት ነገር 15 ልጅ ከሌለው ምን ይባላል ብዬ ራሴን መጠየቄን ልደብቃችሁ አልፈልግም። መልሱን ዛሬም በሙሉ ልብ አልያዝኩትም።

ማታውን ለአከራዬ ደወልኩ። አጽናናቸው ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ከሚያውቋቸው ልጆች ማን ማን አውስትራሊያ እንደሄደ ይቆጥሩልኝ ጀመር፤ ይህ የእገሌ ልጅ፣ ያኛው የእህቷ፣ በየአጥቢያቸው። ዘጠነኛው ላይ ሲደርሱ አቁመው የሚቀጥለውን ጨዋታ ሰዓት ነገሩኝ፤ ከዚያም እዚያ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ጠየቁኝ። የሦስት ሰዓት ልዩነት ነው አልኳቸው። «እንግዲያው ከራት በፊት ያልቅልሃል» አሉኝ።