አሮጌ መኪና ስለ መግዛትና ስለ መንዳት
(በሰፈራችን ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና የሚያፈላልግ ሰው በሰፈራችን በዝቷል። ደላላው የሚያሳያችሁ ቀለሙን ነው። ቀለሙን ተዉት! የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር በገዛ ዓይናችሁ ከሊብሬው ጋር አስተያዩ። ጎማው ጎን ላይ ደግሞ «ዲ.ኦ.ቲ.» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 አኃዞች ተመልከቱ፤ 2315 ቢል በፈረንጆች 2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እንኳ ያረጀ ጎማ ሊፈነዳ ይችላል።

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስትወርዱ ነዳጅ ልቆጥብ ብላችሁ ማርሹን ፎሌ አታድርጉ። መኪናው በፍሬን ብቻ ሲያዝ ፍሬኑ ይግልና አልይዝ ይላል፤ ታች ደግሞ መንገዱን የሞላው ገበያተኛ ነው። በ2ኛ ማርሽ ውረዱ። ሞተሩ ይጮሃል፤ ይጩህ!