ገመዱ ገጠመ፤ ምስሉስ? ስለ ሞኒተርና ስለ ዲጂታል የቪዲዮ ግንኙነት ምርጫ



ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ቤተ ሙከራ 20 ሞኒተሮች ተገዙ። ኮምፒውተሮቹ ምስል የሚያወጡት በኤችዲኤምአይ ብቻ ሲሆን፣ ሞኒተሮቹ የሚቀበሉት ግን በዲስፕሌይፖርትና በቪጂኤ ነበር። አንዱ ጫፉ ኤችዲኤምአይ፣ ሌላው ዲስፕሌይፖርት የሆነ ገመድ ከገበያ ገዛን። በሁለቱም በኩል ልክክ ብሎ ገጠመ፤ ምስል ግን አልመጣም። ሞኒተሮቹ ብልሹ ናቸው የሚል ደብዳቤ ተጻፈ፤ ከፈራሚዎቹም አንዱ እኔ ነበርሁ። ስለ ሲግናል ለዓመታት ያስተማርሁት እኔ! ዕቃው አንድ ሙሉ ሴሚስተር በካርቶን ውስጥ ተቀመጠ፤ ተማሪዎችም ሦስትና አራት እየሆኑ በአንድ ስክሪን ላይ ተደራርበው ሠሩ።

እውነቱን ያገኘው የቤተ ሙከራው ረዳት ነው። የገመዱን ማሸጊያ አገላብጦ ትንሿን የቀስት ምልክት አየ። ያ ርካሽ ገመድ የሚሠራው ሲግናሉ ከዲስፕሌይፖርት ተነሥቶ ወደ ኤችዲኤምአይ ሲሄድ ብቻ ነው። ዲስፕሌይፖርት መረጃውን እንደ ኔትወርክ በፓኬት እየከፋፈለ ይልካል፤ ኤችዲኤምአይ ደግሞ ከዲቪአይ የወረሰውን የአላላክ ዘዴ ይከተላል። ብዙዎቹ የኮምፒውተር ዲስፕሌይፖርት መውጫዎች ሲፈለግ በኤችዲኤምአይ ዘዴም መላክ ይችላሉ፤ የኤችዲኤምአይ መውጫ ግን ይህን ውለታ አይመልስም። ለተገላቢጦሹ መንገድ ሲግናሉን በእርግጥ የሚለውጥ፣ የራሱ ኃይል የሚያስፈልገው መለወጫ ያሻል።

ሁለተኛው ወጥመድ መጠን ነው። 3840 በ2160 ፒክስል ያለው ስክሪን በሰከንድ 60 ጊዜ ሲታደስ፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል 24 ቢት ብንይዝ፣ በሰከንድ ወደ 12 ቢሊዮን ቢት ይጠይቃል። ኤችዲኤምአይ 1.4 ለምስል የሚያደርሰው ግን ከ8 ቢሊዮን ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ በ30 ሄርዝ ይሠራል፤ የማውሱ ቀስት እየዘለለ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ሞኒተሩን ይረግማል። 2.0 የተባለው እትም ይህን ጭነት በ60 ሄርዝ ይሸከማል፤ ዲስፕሌይፖርት 1.2ም እንዲሁ። መሰኪያው በ1.4ም በ2.0ም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው ችግሩ፤ ዓይን አይለየውም፤ የኮምፒውተሩን መመሪያ ማንበብ ግድ ነው።

ቪጂኤ እ.ኤ.አ. በ1987 የመጣ አናሎግ መንገድ ነው። ዲጂታሉ ምስል ወደ አናሎግ ተለውጦ ይጓዛል፤ ጠፍጣፋው ሞኒተር ደግሞ መልሶ ዲጂታል ያደርገዋል። ሌላ አማራጭ ካለ ተዉት።

ስለ ስክሪኑ ስፋት ግን ትንሽ ልቆይ። ሻጩ ባለ 27 ኢንቹን ያስቀድማል፤ ትልቅ ነገር ዓይን ይስባልና። ነገር ግን 1920 በ1080 ፒክስል በ24 ኢንች ላይ ሲዘረጋ በአንድ ኢንች 92 ያህል ፒክስል ይደርሳል፤ በ27 ኢንች ላይ ወደ 82 ይወርዳል። ለፊልም ተመልካች ይህ ምንም አይደለም። የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያርም ሰው ግን ሌላ ነው፦ የእኛ ፊደል ምሥጢሩ በእግሩ ላይ ነው። «ሲ» እና «ሴ»፣ «ቲ» እና «ቴ» የሚለዩት በአንዲት ጭረትና በአንዲት ቀለበት ነው። ፊደሉ አነስ ሲል ቀለበቷ በጥቂት ፒክስሎች ውስጥ ትደፈናለች፤ አንባቢውም በግምት ያነብባል። 27 ኢንች የሚፈልግ 2560 በ1440 ይግዛ፤ በአንድ ኢንች 109 ያህል ይሆንለታል። ገንዘቡ ካልበቃ 24 ኢንቹ ይሻለዋል።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። የመጀመሪያውን የሚሽር ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ ሦስት መስመር ብቻ ነበር፤ ለመጻፍ ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ትክክለኛዎቹ መለወጫዎች ተገዙ፤ 20ዎቹም ሞኒተሮች በርተው ሠሩ። ከዚያ ወዲህ የግዢ ሰነድ ሲቀርብልኝ የኮምፒውተሩ ጀርባ ፎቶግራፍ ካልተያያዘበት አልፈርምም።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።