ኔትወርኩን ከመውቀሳችን በፊት

(በፍኖተ ሰላም በተካሄደው የማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የስልክ መተግበሪያ ቡድን አባላት ያቀረብነው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ከእናቶቻችን አንዷ እንዲህ ብለው ጠየቁን፦ «ልጆቼ፣ በመጣሁ ቁጥር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣችሁ አያለሁ። ምን እየሠራችሁ ነው ስላችሁ ‹እየተጫነ ነው› ትሉኛላችሁ። ይህ የማያልቀው ጭነት የስንት አህያ ጭነት ነው?» ሁላችንም ሳቅን። ጥያቄው ግን አብሮን ቤት ገባ። ላፕቶፖቹ የተገዙት ከእናንተ ሳምንታዊ ቁጠባና ከደጋፊዎቻችን እርዳታ ነው። ስለዚህ መልስ የመስጠት ዕዳ አለብን።

እንደምታውቁት የምንሠራው የቡድኖቻችንን ቁጠባና ብድር በስልክ የሚመዘግብ መተግበሪያ ነው። አንዲት ሴት በርበሬ ስታዘጋጅ ኮረሪማውን፣ ጥቁር አዝሙዱንና ዝንጅብሉን ራሷ አታበቅልም፤ ከገበያ ትገዛለች። እኛም እንዲሁ ነን። ቀን መቁጠሪያውን፣ የስልኩን ካሜራ የሚከፍተውን፣ ቁጥር የሚደምረውን ክፍል ሌሎች ባለሙያዎች ሠርተው በነፃ አስቀምጠውታል፤ እኛ አውርደን እንጠቀማለን። እነዚህን ፓኬጆች ፕሮግራመሮች ዲፔንደንሲ ይሏቸዋል። ከበርበሬው የሚለዩት፣ እያንዳንዱ ቅመም በተራው ሌላ ቅመም መጠየቁ ነው። በእኛ ዝርዝር ላይ የጻፍነው ከ30 አይበልጥም፤ የሚወርደው ግን ከ800 በላይ ነው። መጋቢት 2008 ዓ.ም. ሌፍት ፓድ የሚባል የ11 መስመር ፓኬጅ ባለቤቱ ከማከማቻው ቢያነሣው፣ በዓለም ዙሪያ የብዙ ድርጅቶች ሥራ ለሰዓታት ተስተጓጉሎ ነበር። ትንሿ ቅመም ካልተገኘች ትልቁ ድስት አይወጣም።

የእኛ ችግር መዘግየቱ ነበር። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት የተጀመረ ጭነት ስምንት ሰዓት ላይ አልቆ ሳይሆን ተቋርጦ እናገኘዋለን። ከመካከላችን አንዷ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም፤ ሌላው ሰው በደቂቃ የሚጨርሰውን እኔ በቀን አልጨርስም» ብላ ትምህርቱን ልትተወው ነበር። እኛም ኔትወርኩን ወቀስን፤ ፈጣን ሞደምና አዲስ ላፕቶፕ እንዲገዛልን ለደጋፊዎቻችን ደብዳቤ ጻፍን። ደብዳቤውን ከመላካችን በፊት ግን አንድ ቀን ሰዓት እየያዝን እንለካ ተባባልን። ያ ቀን ሦስት ነገር አስተማረን።

አንደኛው ጥፋት የራሳችን ነበር። ጭነቱ በተበላሸ ቁጥር «ሁሉንም አጥፉና ከመጀመሪያው ጀምሩ» የሚል ምክር ሰምተን ስለነበር የወረዱትን ፓኬጆችም ካሹንም እናጠፋ ነበር። ካሽ ማለት ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ያወረደውን ለሌላ ቀን የሚያስቀምጥበት ጎተራ ነው። እኛ በየሳምንቱ ጎተራችንን እያቃጠልን እህል እንሸምት ነበር ማለት ነው። አሁን ካሹን አንነካም። ኤንፒኤም የተባለውን ጫኝ ፕሮግራምም ‹ፕሪፈር ኦፍላይን› በሚለው ትዕዛዝ መጀመሪያ ቤት ያለውን ፈልግ እንለዋለን። ሎክ ፋይል የሚባለውን፣ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ትክክለኛ ቁጥር የያዘውን ዝርዝርም ሁላችንም አንድ ዓይነት አድርገን እንይዛለን። እንዲያ ካልሆነ አንዷ ያወረደችው ለሌላዋ አይሆንም።

ሁለተኛው ክብደቱ ሳይሆን ምልልሱ ነው። አብዛኞቹ ፓኬጆች ትናንሽ ናቸው። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቅመም ለብቻው ገበያ ሄዶ እንደመመለስ ነው። ኤንፒኤም ካልተነገረው በአንድ ጊዜ እስከ 15 ግንኙነት ይከፍታል። በደካማ መስመር ላይ ሁሉም በጠባብ በር ሊገባ ሲጋፋ አንዱም አይገባም። ቁጥሩን ወደ 3 ዝቅ አድርገን፣ መልስ የሚጠብቅበትንም ጊዜ አስረዘምን። በዝግታ ይሄዳል፤ ግን አይቋረጥም።

ሦስተኛውን የደረስንበት ሞደሙን ነቅለን ነው። ሁሉም ነገር ካሽ ውስጥ መኖሩን ካረጋገጥን በኋላ ያለ ኢንተርኔት እንዲጭን አዘዝነው። አሁንም ረዥም ጊዜ ወሰደ! ታዲያ ኔትወርክ በሌለበት ኔትወርክ እንዴት ይወቀሳል? የኮምፒውተሩን የሥራ መከታተያ ከፍተን ስናይ ፀረ ቫይረሱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩትን ትናንሽ ፋይሎች አንድ በአንድ እየፈተሸ፣ አሮጌው ሃርድ ዲስክም እየተንገዳገደ ነበር። የሥራ ማኅደራችንን ብቻ ከቅጽበታዊ ፍተሻው አወጣን። ፀረ ቫይረሱን ግን ጨርሶ አላጠፋነውም። በሰው ፓኬጅ ውስጥ ተንኮል የሚደብቁ ሌቦች ስላሉ፣ በሎክ ፋይሉ ላይ የሌለ እንግዳ ፓኬጅ ሳንመክር አናስገባም፤ ማኅደሩንም በየሳምንቱ ማታ እናስፈትሻለን።

ከዚህ በኋላ ሁላችንም የምናውቀው ደቦ ትዝ አለን። አምስታችን አንዱን ፓኬጅ አምስት ጊዜ ለምን እናወርዳለን? ቬርዳቺዮ የሚባል በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም በቢሮው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ጫንን። አንዷ የጠየቀችውን ፓኬጅ ከውጭ አንድ ጊዜ ያመጣል፤ ሌሎቹ በቢሮው ዋይፋይ ከእሱ ይወስዳሉ። ለአንድሮይድ የሚያስፈልገውን፣ ለብቻው ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆነውን ግሬድልንም አንዷ አውርዳ ለሌሎቻችን በፍላሽ አከፋፈለች። ሥራው ላይም አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ግሬድልን በኦፍላይን እናስኬደዋለን።

ይህ የምቾት ነገር ብቻ አይደለም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረዥም ወራት ተቋርጦ እንደነበር ማናችንም አንረሳውም። ጎተራ ያለው ሰው ክረምቱን ይሻገራል። መተግበሪያውንም የሠራነው በዚሁ ሐሳብ ነው፦ የገጠር ቡድን ጸሐፊ ኔትወርክ ሳይኖራት መዝግባ፣ ከተማ ስትደርስ ትልከዋለች።

ሁሉም ተፈታ አንልም። አዲስ ፓኬጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ አሁንም ይዘገያል፤ መብራት ሲጠፋም እንቆማለን። ነገር ግን ግማሽ ቀን ይፈጅ የነበረው የዕለት ተዕለት ጭነት አሁን ቡና ተፈልቶ አቦል ሳይቀዳ ያልቃል። ልትተወው የነበረችው እህታችንም ዛሬ ቬርዳቺዮን የምትጠብቀው እሷ ናት። ዘገምተኛው ኮምፒውተሩ እንጂ እሷ እንዳልነበረች በሰዓት ተለክቶ ስላየች ቀረች።

ደጋፊዎቻችን ሆይ፣ የጻፍነውን ደብዳቤ ቀደነዋል። አዲስ ላፕቶፖች አንጠይቅም። የምንጠይቀው ያሉትን ላፕቶፖች የሚያፈጥኑ ኤስኤስዲ ዲስኮችን፣ መብራት ሲጠፋም የቢሮውን ኮምፒውተር የሚያቆይ ባትሪ ብቻ ነው። በሌላ ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶቻችንም፣ የወፍጮውም ሆነ የዶሮ እርባታው ሥራ ሲጓተትባችሁ፣ ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት አንድ ቀን ሰዓት ይዛችሁ ለኩ።

እናታችን ሆይ፣ ጭነቱ ስምንት መቶ አህያ ነበር፤ እኛ ደግሞ በየቀኑ አራግፈን እንደገና እንጭን ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ጭነን፣ ጎተራ አስገብተናል።