በፎገራ ማሳ ላይ ሁለት መንግሥታት

በወረታ ዙሪያ፣ በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርት ገበሬ በአንዲት ማሳው ላይ የሁለት መንግሥታት ሥልጣን ይገናኝበታል። እንዴት?

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 51 የመሬት አጠቃቀም ሕግ የማውጣትን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጠ። በአንቀጽ 52 ደግሞ በዚያው ሕግ መሠረት መሬትን ማስተዳደር የክልሎች ሥራ እንዲሆን ደነገገ። የገበሬው የይዞታ ደብተር በአማራ ክልል በኩል የሚሰጠው ለዚህ ነው።

ውሃው ግን ሌላ ነው። ሜዳውን የሚያቋርጡት የርብና የጉማራ ወንዞች ጣና ሐይቅ ይገባሉ፤ ከጣና የሚወጣው ዓባይ ክልልም አገርም ያቋርጣል። ክልሎችን የሚያገናኝና ድንበር የሚሻገር ውሃ ደግሞ በፌዴራሉ ሥልጣን ሥር ነው።

ታዲያ ወሰኑ የት ላይ ነው? ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን ሁሉ የክልል ነው። አንቀጽ 50 አንዱ የሌላውን ሥልጣን እንዲያከብር ያዝዛል። የሕገ መንግሥት ክርክር ቢነሣ የመጨረሻውን ትርጉም የሚሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው።

አድማጮቻችን፣ የይዞታም ሆነ የመስኖ ጥያቄ ሲኖራችሁ አስቀድማችሁ ጉዳዩ የየትኛው መንግሥት ሥልጣን እንደሆነ ጠይቁ። ኃላፊውን ያወቀ መብቱን ይጠይቃል።