ለምርጫ የቆምህ ነጋዴ ሆይ

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት የተዘጋጀ)

የዛሬው ቃል በመርካቶ ሱቅ ከፍቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ስሙ በተራው ታውቆ፣ አሁን ደግሞ «ለምክር ቤት ተወዳደር» ለሚባለው ነጋዴ ነው። ሸማ ተራም ሆንህ በርበሬ ተራ፣ ቦምብ ተራም ሆንህ ምናለሽ ተራ፣ ስማኝ። እህቴ፣ ለአንቺም ነው።

ይህ ሰው ከሁለት ወገን ምክር ይመጣለታል። አንዱ «ፖለቲካ ቆሻሻ ነው፤ አማኝ እጁን አያስገባም» ይለዋል። ሌላው ደግሞ «ግባ እንጂ! የእኛ ሰው እዚያ ይኑር፤ ለቤተ ክርስቲያን ቦታ ታስጨርስልናለህ» ይለዋል። የሚገርመው ሁለቱም ከአንድ ጉባኤ ነው የሚመጡት። እንግዲህ ቃሉ ምን ይላል?

በመሳፍንት 9 ላይ ኢዮአታም የተናገረውን ምሳሌ ታውቃለህ። ዛፎች ንጉሥ ፈለጉ። ወይራው ዘይቴን አልተውም አለ። በለሱ ፍሬዬን፣ ወይኑም ወይኔን አልተውም አሉ። በመጨረሻ እሾሁ ተጠየቀ፤ እሾሁ ግን አላቅማማም። ብዙ ጊዜ ይህን ስንሰብክ «ጥሩ ዛፍ ሥራውን አይተውም» ብለን እናቆማለን። እስኪ ታሪኩን ጨርሰው! እሳት ከእሾሁ ወጣ፤ ሕዝቡም ተቃጠለ። ጥሩዎቹ ሁሉ ምክንያት ሲኖራቸው እሾህ ያለ ተወዳዳሪ ያልፋል።

ስለ እሳት ካነሣን፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት ሸማ ተራ የደረሰውን አንረሳውም። የስንት ቤተሰብ እንጀራ በአንድ ሌሊት ዐመድ ሆነ! የቦታው መጨናነቅና የመንገዱ ጥበት እሳቱን ለማጥፋት ምን ያህል እንዳስቸገረም ሰምተናል። የትኛው መተላለፊያ በዕቃ እንደተዘጋ ከነጋዴው በላይ ማን ያውቃል? በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ደግሞ በደረሰኝ ቁጥጥር ምክንያት ብዙ ሱቆች ተዘግተው ሰነበቱ። ከአስመጪው ያለ ደረሰኝ ገዝቶ ለደንበኛው ደረሰኝ ቁረጥ የሚባለው ቸርቻሪ የችግሩን ሁለት ጫፍ ያውቀዋል። መንግሥትም ግብር ያስፈልገዋል፤ ነጋዴውም እውነተኛ አሠራር ያስፈልገዋል። ይህን በምክር ቤት የሚያስረዳ ሰው ቢኖር ኃጢአት ነው? አይደለም። ስለዚህ «አትግባ» አልልህም።

ግን ዝም ብለህም አትግባ።

በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚመረጥ ሰው በምርጫ ክልሉ ንብረት እንዲኖረው ያዝዝ ነበር። ያኔ ሕጉ «ምን አለህ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ይህን አይጠይቅም፤ በአንቀጽ 38 የመምረጥና የመመረጥን መብት ለዜጋ ሁሉ ይሰጣል። እግዚአብሔር ግን ይጠይቃል። የእርሱ ጥያቄ «ምን አለህ?» ሳይሆን «እንዴት አገኘኸው?» ነው። በዘዳግም 25 ላይ በአንድ ከረጢት ሁለት ዓይነት መመዘኛ ድንጋይ መያዝን ይከለክላል፤ አንዱ ለመግዣ፣ ሌላው ለመሸጫ ማለት ነው። በሱቁ ሁለት ሚዛን የያዘ ሰው ምክር ቤት ሲገባ ሦስተኛ ይጨምራል እንጂ ሁለተኛውን አይጥልም።

ሳሙኤልን ተመልከት፤ 1ኛ ሳሙኤል 12። ሲሸመግል ሕዝቡን ሰብስቦ ሒሳቡን በአደባባይ ከፈተ። የማንን በሬ ወሰድሁ፣ የማንን አህያ፣ ማንን በደልሁ፣ ከማን ጉቦ ተቀበልሁ ብሎ ጠየቃቸው። አንድም ከሳሽ አልተገኘም። ሳሙኤል ይህን የጠየቀው በመጨረሻ ነው፤ አንተ ግን ፎቶህ ግድግዳ ላይ ከመለጠፉ በፊት ጠይቅ። አንድ ምሽት ሱቅህን ዝጋና ቁጭ በል። የስንት ሠራተኛ ደመወዝ ይዣለሁ? ጭነቴን የተሸከመውን ኩሊ ከተስማማነው አጉድዬበት አውቃለሁ? በዱቤ የወሰድሁትን ከፍያለሁ? የእቁብ ዳኛ ሆኜ የሰው ዕጣ አዘግይቻለሁ? ያገኘኸውን በወረቀት ጻፈው፤ ጠዋት ሄደህ መልስ። የእቁብ ዳኛነት እኮ በሰው ተመርጠህ የያዝኸው አደራ ነው። በዚያ የታመንህ ከሆንህ ሰው ያውቀዋል።

ሌላም ነገር አለ። በሱቅህ የመጨረሻው ቃል ያንተ ነው። የአዲስ አበባ ምክር ቤት ግን 138 መቀመጫ አለው፤ አንተ አንዱ ብቻ ነህ። ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ከ547 የፓርላማ መቀመጫዎች ተቃዋሚ ፓርቲዎች ያገኙት አንዱን ብቻ ነበር። እርሱም የተገኘው ከዚሁ ከመርካቶ ነው፤ ተመራጩ አቶ ግርማ ሰይፉ ነበሩ። ይህን የማነሣው ፓርቲ ላስመርጥህ ብዬ አይደለም። ድምፅህ እንደማያሸንፍ እያወቅህ አምስት ዓመት ሙሉ እጅህን ማውጣት ትችላለህ? ወይስ በሁለተኛው ወር «ይህ አያዋጣም» ብለህ ወደ ትርፉ ትዞራለህ?

ትርፍ ካልን ነህምያን እንይ። ምዕራፍ 5 እንደሚነግረን 12 ዓመት ሙሉ ለገዢ የሚገባውን ቀለብ አልበላም። በዚያ ጊዜ ድሀው እርሻውን አስይዞ እህል ይበደር ነበር፤ ሥልጣንና ገንዘብ ላለው ሰው መሬት መሰብሰቢያ ምቹ ዘመን ነበር። ነህምያና ሰዎቹ ግን መሬት አልገዙም። አንተስ? መንገድ ሲሰፋ፣ ሕንፃ ሲፈቀድ፣ ጨረታ ሲወጣ ቀድመህ ትሰማለህ። ጉዳዩ ሱቅህን ወይም የአማችህን ሱቅ የሚነካ ከሆነ በግልጽ ተናግረህ ከውሳኔው ውጣ። ይህን ዛሬ ለሚስትህና ለሸሪክህ ንገራቸው፤ ያኔ ለመናገር ይከብድሃል።

ለእኛ ለአገልጋዮችም ቃል አለ። መድረካችን የምርጫ መድረክ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። መርካቶ የአንዋር መስጊድና የራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጎረቤት ሆነው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ወንድማችን ቢመረጥ የሙስሊሙም የኦርቶዶክሱም ተወካይ ነው። እንጸልይለት፤ ቦታ እንዲያስጨርስልን ግን አንላከው። ጉዳይ አስፈጻሚ ካደረግነው ያበላሸነው እኛ ነን።

መራጭ ሆይ፣ ለአንተም አንድ ምክር አለኝ። ስለ እጩው መዘምራኑን ብቻ አትጠይቅ፤ ኩሊውን ጠይቅ። ከሱቁ የተባረረውን ሠራተኛ ጠይቅ። ፊት ለፊቱ ያለውን ባለ ሱቅ፣ ተፎካካሪውን ጠይቅ። እነርሱ «ሰውዬው ኃይለኛ ነው፤ ግን አይበላም» ካሉህ፣ ከብዙ ፖስተር የሚበልጥ ምስክርነት አገኘህ።

አንተም እጩው፣ ብትሸነፍ አትፈር። በማግስቱ ሱቅህን ክፈት፤ ያንኑ ሚዛን አውጣ፤ ላልመረጠህም ሰው አስተካክለህ መዝን። ብታሸንፍም ያንኑ ሚዛን ይዘህ ግባ።

ጌታ ሆይ፣ በዚህ ገበያ መካከል እጃቸው ንጹሕ የሆነ ሰዎችን አስነሣልን። የሚቆሙትን ከስስት፣ የምንመርጠውንም ከአድልዎ ጠብቀን። አሜን።